የድሃ ወረቀት ይዤ አንደኛ ማዕረግ የተኛሁበት ዓርብ

በነጻ ልታከም የሄድኩበት ኦፕራሲዮን የአራት ኩንታል በርበሬ ትርፍ፣ አንድ መቀነት፣ አሥራ አንድ የሥራ ቀን፣ የሦስት ምስክሮች ቅጣትና በጊደር መጋላ ገበያ ያለኝን ስም አስከፍሎኛል። ስሜ በኋላ ተመልሶልኛል፤ ሌላው አልተመለሰም። ዋጋውን አስቀድሜ የምነግራችሁ ነጋዴ ስለሆንኩ ነው። ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያገላብጥ ሰው አልወድም።

ያን ጊዜ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነበር። ትምህርቴ ሁለት ዓመት ቁርአን ቤት፣ ሃያ ዓመት ደግሞ ጊደር መጋላ ነው። በርበሬ፣ ቅርንፉድና ሄል እሸጣለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ገዢ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚከራከረው። ሙሜ ቅመም ሲሉ በጀጎል ግንብ ውስጥ የማያውቀኝ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጆንያ ጋር ስታገል ኖሬ ብሽሽቴ ላይ ቡአ ወጣብኝ። ሲወጣ በእጄ እመልሰውና ወገቤን በሰፊ መቀነት ጠፍሬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። መቀነቱ ሌላም ሥራ ነበረው፤ ገንዘቤን የማኖረው በእጥፉ ውስጥ፣ ልክ ቡአው ላይ ነው። ሌባ የሰው ኪስ ይፈትሻል እንጂ የሰው ቡአ አይፈትሽም።

ከግንቡ ውጭ ባለው ሆስፒታል አንድ ድሬሰር አይቶኝ ነበር። «ይሄ ነገር አንድ ቀን ይወጣና አልመለስም ይላል። ያን ቀን ሳትቀደድ ካመሸህ አታድርም» አለኝ። ኦፕራሲዮኑ ያኔ በነጻ ነበር። ነጻ ነገር የት ይሄዳል እያልኩ አራት ዓመት ቆየሁ።

በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ አዲስ አስተዳዳሪ ተሾመ። ቦርሳው ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። «ሆስፒታሉ የመንግሥትን እጅ ማየት ትቶ በራሱ ገቢ ይተዳደር» አለ አሉ። በሳምንቱ የካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ። አንደኛ ማዕረግ፣ የብቻ ክፍል፣ ይህን ያህል ብር። ሁለተኛ ማዕረግ፣ ለአራት አንድ ክፍል፣ ይህን ያህል ብር። ሦስተኛ ማዕረግ፣ የድሃ ወረቀት ላለው ብቻ፣ በነጻ። ከሥሩ ጥጡም፣ ፋሻውም፣ ቁስል የሚሰፋበት ክርም ሳይቀር ዋጋው ተጽፏል።

የገበያው ሰው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰሌዳውን ሊያይ ወጣ። ማንበብ የሚችል ላልቻለው እያነበበ፣ ሁሉም ዋጋ እየሰማ ምላሱን ይመታል። ወዳጄ ታደሰ አብሮኝ ነበር። ታደሰ ከግንቡ በር ወጣ ብሎ መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ የክርስቲያን ሰፈር ልጅ ነው። የክሩን ዋጋ ሲሰማ፣ «በዚህ ሂሳብ እኔ እስከ ዛሬ ሱሪ ሳይሆን ምጽዋት ነው የሰፋሁት» አለ።

ጉድ የምነግራችሁ ግን ይኼን ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቡአዬ ያመኝ ጀመር። ዋጋ የሌለው ነገር አያስቸኩልም። ዋጋ ሲለጠፍበት ግን ሊያመልጥህ ነው የሚል ፍርሃት ይገባሃል። እኔ ራሴ በርበሬ ስሸጥ የምሠራበት ዘዴ ነው፤ በእኔ ላይ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም።

ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ሄድኩ። መዝጋቢው አቶ በላቸው ይባላል፤ ብዕሩን ጆሮው ላይ የሰካ ቀጭን ሰው ነው።

«ሁለተኛ ማዕረግ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» አልኩት።

«የመጨረሻውም የመጀመሪያውም እሱ ነው።»

«አራት የሚተኙበት ክፍል አምስት ብንሆንስ? እኔ ብዙ ቦታ አልይዝም።»

«ሰውዬ፣ ይሄ ጊደር መጋላ አይደለም።»

«ክሩን ከቤቴ ባመጣስ?»

ብዕሩን ከጆሮው አወረደ። «ቢላውንም አምጣና ራስህን ቅደድ።»

እኛ አገር ንግግር እዚህ ሲደርስ ጀርባ ይሰጣል። ገዢ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ሻጭ «ና እንጂ፣ ምን አስኮረፈህ» ብሎ ይጠራል፣ ዋጋ ይወርዳል። እኔም ጀርባዬን ሰጠሁ። ቀስ ብዬ ተራመድኩ፤ እንዲጠራኝ ጊዜ መስጠት አለብኝ። ኮሪደሩን ጨረስኩ። ግቢውን አጋመስኩ። የውጭው በር ደረስኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሳልጠራ የቀረሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ዘበኛው ብቻ «ምን ጠፍቶህ ነው እንዲህ የምታዘግመው?» አለኝ።

የቀረኝ ሦስተኛው ማዕረግ ነበር።

የድሃ ወረቀት የሚሰጠው የአጥቢያ ዳኛ ነው፤ ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። አንደኛው ታደሰ፣ ሁለተኛው የሱቅ ጎረቤቴ፣ ሦስተኛው ጆንያ የሚሸከምልኝ አብዲ ሆኑ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እስር የአወዳይ ጫት ቃል ገባሁ። የእኔ ልብስ ለድሃ አይሆንምና ከአብዲ ጋር ተለዋወጥን። ባለቤቴ ፋጡማ የአብዲን ሱሪ ለብሼ ስታየኝ በሩ ላይ ቆመች።

«ወላሂ ሙሜ፣ በዚህ አትቀልድ። ድሃ ነኝ ብለህ ያስመሰከርክ ቀን መልአኩ ሰምቶ አሚን ይላል።»

«እኔ አልምልም፤ ምስክሮቹ ናቸው የሚምሉት።»

«መልአኩ አድራሻ አይጠፋውም» አለችና ገባች።

ዳኛው ደህና ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ደከም ብሏል። ስንገባ የእኔን ኮት የለበሰውን አብዲን አይተው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ብለው ወንበር አስመጡለት። አብዲ በሕይወቱ መንግሥት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ጫፏ ላይ እንደ ወፍ ሰፈረ። እኔ ቆምኩ።

«ይህ ሰው ድሃ መሆኑን ታውቃለህ?» ታደሰን ጠየቁት።

ታደሰ ክርስቲያን ነው፤ በውሸት መማል ይፈራል። እየቆጠበ ነበር የተናገረው። «ጌታዬ፣ አሁን የለበሰው ልብስ እንኳ የራሱ አይደለም።»

ዳኛው ከንፈራቸውን መጠጡ። አብዲም አንገቱን ነቅንቆ «እውነት ነው፣ የሌላ ሰው ነው» አለ። ወረቀቱ ተጻፈ፤ ክቡ ማኅተም ተመታበት።

ሐሙስ ሆስፒታል ስደርስ አቶ በላቸው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተ ያ አምስተኛው አይደለህም? ሰኞ ዋጋ ስትከራከር አልነበረም?»

«ነበርኩ።»

«ከሰኞ እስከ ሐሙስ ደኸየህ?»

«ንግድ ነው፣ ጌታዬ።»

ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ማኅተም ማኅተም ነው፤ ጻፈኝ። ሦስተኛ ማዕረግ፣ አልጋ ቁጥር ሰባት፣ ኦፕራሲዮን ዓርብ ረፋድ ላይ። ሐኪሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈረንጅ ነው፤ ቡአዬን በሁለት ጣት ነካ ነካ አድርጎ፣ ፊቴን ሳያይ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ዓርብ በማለዳ ፋጡማ ቁርሴን ይዛ መጣች፤ ፊቷ ግን ቁርስ አይመስልም። የድሬዳዋው ጅምላ ሻጭ ሐጂ ዑመር፣ ለአሥር ዓመት በቃሌ ብቻ ዕቃ የሚልኩልኝ ሰውዬ፣ የድሃ ወረቀት ማውጣቴን ሰምተዋል። በርበሬዬን የጫነው መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ሲደርስ እንዲመለስ አድርገዋል።

«ማን ነገራቸው?»

«አብዲ ኮትህን ለብሶ ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞሯል። ሰው ሲጠይቀው ምን ይበል? ደግሞ አፎቻችን ከጁምዓ በኋላ ሊጠይቅህ ይመጣል፤ መዋጮ እያሰባሰቡልህ ነው።»

አፎቻ ማለት በሰርግም በሐዘንም የምንደጋገፍበት ማኅበራችን ነው። ለእኔ ለራሴ መዋጮ። ቁርሱን ሳልነካ መለስኩላት። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ተቀድጄ ልውጣ እንጂ ስሜን አስተካክላለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፋጡማ ሄደች፤ እኔም አየር ልቀበል በረንዳው ላይ ወጣሁ።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

አራት ገበሬዎች በቃሬዛ ሰው ተሸክመው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ያሉት ኦቦ አደም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጺማቸው በሒና ቀልቷል፣ እግራቸው በጭቃ ተሰነጣጥቋል። ተረኛዋ ሲስተር ብርድ ልብሱን ገልጣ አየች። የእኔው በሽታ ነበር። የእሳቸው ግን ከትናንት ጀምሮ ወጥቶ አልመለስም ብሏል። ድሬሰሩ ለእኔ የነገረኝን ቀን እሳቸው ደርሰውበታል።

«አንጀቱ ታንቋል» አለች ሲስተሯ ለአቶ በላቸው። «ዛሬ ቀን ካልተቀደዱ አያድሩም።»

አቶ በላቸው መዝገቡን ይዞ መጣ። ቁና ቁና በሚተነፍሱ ሰው ፊት ተቀምጦ ይጠይቅ ጀመር።

«የድሃ ወረቀት አለህ?»

የላቸውም።

«ሀብት አለህ?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«በሬ?»

«አላህ ሰጥቶኛል። ሁለት።»

«መሬት?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አርሳለሁ።»

«የምትበላው ይጎድልሃል?»

ሽማግሌው በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው እንኳ የተሰደቡ መሰሉ። «ወላሂ፣ ጎድሎኝ አያውቅም።»

አቶ በላቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተነገረውን ጻፈ። ሁለተኛ ማዕረግ፣ መያዣ አስቀድሞ ይከፈል። አራቱ ገበሬዎች ተያዩ፤ አንዱ «በሬውን እናምጣ» አለና ወደመጡበት ሮጡ። መንደራቸው ከጋራው ወዲያ ነው፤ በሬ ደግሞ አይሮጥም። ኦቦ አደም ቃሬዛው ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ቅመም ሻጭ ነኝ፤ የገጠር ሰው ሃያ ዓመት ሰምቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ እንዴት ነህ ስትላቸው አልሃምዱሊላህ ነው የሚሉህ። የለኝም ማለት አላህን መክሰስ ነው።

«ኦቦ አደም፣ በሬዎቹ የማን ናቸው?»

«አንዱ የባለመሬቱ ነው። አንዱ የእኔና የወንድሜ።»

«መሬቱስ?»

«የባለመሬቱ።»

«ታዲያ ለምን የለኝም አላሉም?»

እያቃሰቱ አዩኝ። «ከወንድሜ ጋር ግማሽ በሬ የሰጠኝን ጌታ የለኝም ልበለው? ነገ ግማሹንም ቢወስደውስ?»

«አንድ ቃል ብቻ ነው። መዝጋቢውን እጠራዋለሁ፣ ድሃ ነኝ ይበሉ። ሌላውን እኔ እጨርሳለሁ።»

«ልጄ፣ ልሞት ነው መሰለኝ። ስሞት በአፌ ላይ ያ ቃል እንዲሆን አልፈልግም።»

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ስለ ራሴ ደግ ነገር እንድትገምቱ አልፈልግም። መያዣውን የሚከፍል ገንዘብ መቀነቴ ውስጥ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን የድሃ ወረቀት ያወጣ ሰው ከወገቡ ብር ፈትቶ ለሌላ ሰው ሲከፍል፣ ወረቀቱም ምስክሮቹም አብረው ይቃጠላሉ። ስለዚህ ሳልከፍል የምረዳበትን መንገድ ፈለግሁ። መጀመሪያ አቶ በላቸው ጋ ሄድኩ።

«ሽማግሌው ድሃ ናቸው፤ በሬውም መሬቱም የሰው ነው።»

«እሱ ራሱ አለኝ አለ። አንተ ከባለቤቱ ይበልጥ ታውቃለህ? ወረቀት ያምጣ።»

«ዳኛው ዛሬ አይገቡም።»

«ሰኞ ይገባሉ።»

«ሰውዬው ሰኞን አያዩም።»

«እኔ ሰሌዳውን አልጻፍኩትም» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ። «ወረቀትም መያዣም የሌለው ሰው ካስገባሁ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ስድስት ልጅ አለኝ።»

እውነቱን ነው። ሰሌዳውን የሰቀለው ሰው ቦርሳውን ይዞ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዷል።

ያኔ አልጋ ቁጥር ሰባት ትዝ አለኝ። ካርዴ የአልጋው እግር ላይ ተንጠልጥሏል። ተሸካሚዎቹ ሲመጡ የሚያነቡት አልጋውን ነው። ሐኪሙም የሚያውቀው ቡአውን እንጂ ሰውዬውን አይደለም፤ ቡአ ደግሞ ሁለታችንም አለን። ተራዬን ብሰጣቸው ምን ይጎድልብኛል? እኔ ሌላ ቀን እቀደዳለሁ። ምንም ወጪ የለውም ብዬ አሰብኩ። በንግድ ዘመኔ ከተሳሳትኳቸው ሂሳቦች ትልቁ ይኼ ነው።

«ኦቦ አደም፣ ተነሱ፤ የእኔ አልጋ ላይ ይተኛሉ።»

«ያንተ ተራ አይደል?»

«ሰጥቻለሁ። ሙሜ ነህ ወይ ካሉዎት ግን...»

«ስሜ አደም ነው። አልዋሽም።»

«አይዋሹ። ምንም ቢጠይቁዎት አልሃምዱሊላህ ብቻ ይበሉ።»

ትንሽ አሰቡ። «እሱ ውሸት የለበትም» አሉ።

አቀፍኳቸው። ሽማግሌ ቢሆኑም ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አጥንታቸው ከሁለት ጆንያ በርበሬ ይከብዳል። በረንዳውን አቋርጬ፣ ደፉን ተሻግሬ፣ አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ አስተኛኋቸውና ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳብኩት። ቀና ስል ሲስተሯ በሩ ላይ ቆማለች። እኔን አየች፣ አልጋውን አየች፣ ቀይ ጺሙን አየች።

«ቁጥር ሰባት በአንድ ሌሊት ጺም አብቅሏል» አለች። ብርድ ልብሱን ጺሙ እንዲሸፈን ትንሽ ከፍ አደረገችውና ወጣች።

ተሸካሚዎቹ መጡ። ካርዱን አነበቡ።

«ሙሜ አንተ ነህ?»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ኦቦ አደም።

ወሰዷቸው።

እኔም በድል አድራጊነት ወደ በረንዳው ስወጣ ነው ከመቀነቴ በታች አንድ ነገር ሲላወስ የተሰማኝ። ቡአዬ ወጥቷል። እንደ ልማዴ ገፋሁት። አልገባም። ግድግዳ ተደግፌ ተነፈስኩና ደግሜ ገፋሁት። ድንጋይ ሆኗል። ላብ ፊቴን አጠበው። ኦቦ አደም በተዉት ቃሬዛ ላይ ተኛሁና ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። «አልመለስም ያለ ቀን» ያለኝ የድሬሰሩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። ከከተማው አዛን ተሰማ፤ ጁምዓ ደርሷል። የፋጡማም መልአክ አሚን እያለ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

ከሶላቱ በኋላ አቶ በላቸው የሽማግሌውን መያዣ ሊጠይቅ ሲመጣ ቃሬዛው ላይ እኔን አገኘ።

«አንተ አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል አይደለህም እንዴ?»

«ገብቻለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ይሄ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

መዝገቡን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። በዚያው ቅጽበት በግቢው በር የአፎቻችን ሰዎች ገቡ፤ ሶላታቸውን ጨርሰው፣ ፊት ፊት አው ሳሊህ፣ የአፎቻችን ሽማግሌ፣ በጨርቅ የተቋጠረ መዋጮ ይዘው። ከኋላ ፋጡማ፣ ከእሷ ኋላ ታደሰ። ዙሪያዬን ቆሙ። የምነግራቸው ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን ማቃሰት ብቻ ነው።

ሲስተሯ ሮጣ መጣች። «የት ጋ ነው?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ መቀነቴን በመቀስ ቆርጣ ፈታችው።

የአሥር ዓመት ልማዴ በረንዳው ላይ ፈሰሰ። የእጥፉ አንዱ ጫፍ ሲፈታ ብሮቹ አንድ በአንድ፣ ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው ወረዱ። አንዷ ነፋስ ወስዷት አቶ በላቸው ጫማ ላይ አረፈች። ታደሰ ወደ ሰማይ አየ፤ መሐላውን መልሶ እየመረመረ ይመስለኛል።

አው ሳሊህ ቋጠሮውን ወደ ጉያቸው መለሱ። «ሙሜ» አሉ በቀስታ፣ «ድሃ ሆኗል ብለው ነግረውን ዛሬ መስጊድ ዱዓ አድርገንልሃል። ማሻአላህ፣ እንዲህ ቶሎ ይሰማል አላልንም።»

አቶ በላቸው ጎንበስ ብሎ ጫማው ላይ ያለችውን ብር አነሳ። ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆኗል።

«እርስዎ ምን ዓይነት ክፍል ይፈልጋሉ?» አለኝ።

«ሁለተኛ።»

«ሁለተኛው ሞልቷል። አንደኛ ማዕረግ ግን አንድ ክፍል አለን፤ ፀሐይ ይገባበታል።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። የመጨረሻው ስንት ነው የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ጀርባ ሰጥቶ ለመሄድ እግር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ኦቦ አደም በእነዚያ ጥያቄዎች ፊት ተኝተው የነበሩት እንዲህ ነው፤ ዋጋ ተነግሯቸው፣ መሄድ ሳይችሉ።

«ስጠኝ» አልኩ።

ከቀትር በኋላ ተቀደድኩ። ያው ሐኪም፣ ያው ቢላ፣ ያው ክር። በአንደኛ ማዕረግና በሦስተኛ ማዕረግ መካከል ያለው ልዩነት መጋረጃውና «እርስዎ» መባሉ ነው፤ ለሁለቱም ከፍያለሁ። ሐኪሙ ሁለተኛውን ሙሜ ሲያይ ብቻ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበ አሉ። ሲስተሯ «እዚህ አገር ስሙ ብዙ ነው» ብላ አለፈችው።

ኦቦ አደም ዳኑ። በማግስቱ በሬው ደረሰ፤ አራቱ ገበሬዎች የሆስፒታሉ በር ላይ አሰሩት። አው ሳሊህ ለድሃ የተዋጣ ገንዘብ ወደ ኪስ አይመለስም ብለው ቋጠሮውን ለኦቦ አደም መድኃኒትና ምግብ አዋሉት። በሬውም ሳይሸጥ ሁለት ቀን የዘበኛውን ሣር በልቶ ከባለቤቶቹ ጋር ተመለሰ። አቶ በላቸው ሂሳቡን ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን የእኔ ወረቀት ማኅተም አለበት፣ በእሱም ላይ ኦፕራሲዮን ተፈጽሟል። ማኅተም የተመታበት ድህነት አይሰረዝም። ስለዚህ በዚያ መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ በነጻ የታከመው ድሃ ሙሜ ነው፤ ኦቦ አደም የሚባል ሰው በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

ዳኛው አስጠርተውን ምስክሮቼን ቀጡ። ታደሰ «የተናገርኩት ቃል በቃል እውነት ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ዳኛውም አሰቡና እውነት መሆኑን አምነው ቅጣቱን በእጥፍ አደረጉት። የሦስቱንም እኔ ከፈልኩ። ሐጂ ዑመር ግን አንደኛ ማዕረግ መተኛቴን ሲሰሙ መኪናውን መልሰው ላኩ፤ ከቀድሞው ሁለት ኩንታል ጨምረው፣ ጤናም ተመኝተው። ገበያ እንዲህ ነው። የታመምክ መሆንህን አይጠይቅም፤ የት ተኝተህ እንደታመምክ ይጠይቃል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ዋጋ መለጠፍን ልሰድብ አልነሳሁም። ዋጋ ለጥፌ ልጆች አሳድጌያለሁ። የማውቀው ግን አንድ ነገር ነው። በርበሬ የተወደደበት ሰው አልጫ በልቶ ያድራል፤ በማግስቱ መጥቶ ይከራከረኛል። አንጀቱ የታነቀ ሰው ምን በልቶ ይደር? ገዢው ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ የማይችልበት ቦታ፣ ሰሌዳ ቢሰቀልበትም ገበያ አይባልም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከቃሬዛ ላይ ነው።

ቁስሌ ከዳነ በኋላ አንድ ዓርብ ማለዳ ወደ ካርድ ክፍል ተመለስኩ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ አቶ በላቸው፤ እርስዎታው አልለቀቀውም።

«በርጩማ ስጠኝ» አልኩት። «አንተ የሚሉህን ትጽፋለህ። እኔ የሚሉትን ላስረዳህ።»

«ደመወዝ የለውም።»

«ነጻ ነገር የት ይሄዳል» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ፣ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት፣ እዚያ እቀመጥ ነበር። የገጠር ሰው «አልሃምዱሊላህ» ሲል እግሩን አያለሁ፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ በሬው የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ ለአቶ በላቸው፣ «የዚህኛው አልሃምዱሊላህ ‹አለኝ› ማለት ነው፤ የዚያኛው ግን ‹የለኝም› ነው፤ ዳኛው ጋ ይሂድ፣ ምስክሩ እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ውሸታም ድሃም ቢመጣ አያመልጠኝም፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። አስተዳዳሪው ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ሰሌዳው ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ዋጋው ጨመረ፤ በርጩማዋ አልተነሳችም።

ኦቦ አደም በየመኸሩ አንድ ቁና ማሽላ ያመጡልኝ ነበር። «እንዴት ነው ኑሮ?» ስላቸው የሚመልሱልኝን ታውቁታላችሁ።

ሂሳቡ ይኸው ነው። የወጣ፣ የአራት ኩንታል በርበሬ ትርፍ፣ አሥራ አንድ ቀን፣ የሦስት ሰው ቅጣት፣ አንድ መቀነት። የተረፈ፣ ሁለት ሰው።